ውሃ የፈሰሰባት ሸክላ

ዘመሮ፣ የካቲት 4 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለአፈወርቅ፣

ከሁሉ አስቀድመህ ልታውቀው የሚገባህ ነገር አለ። መሪጌታ ተክለጻድቅ አልሞቱም። በጨርቅ ነጋዴው በኩል የላክኸው ጥያቄ ትናንት ደረሰኝ። ሞቱ ብሎ የነገረህ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ተሳስቷል። ቀኝ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ናቸው። ይበላሉ፣ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ ደቀ መዝሙሮቻቸውንም ተኝተው ይቆጣሉ። ይህን ከያዝህ በኋላ የቀረውን ተረጋግተህ አንብብ።

ሰላምታዬን ወደ ኋላ ያስቀረሁት ለዚህ ነው። እንደምን ሰነበትህ? እኔ ደህና ነኝ። ባለቤትህን ጥሩሸዋን እሑድ ቤተ ክርስቲያን አይቻታለሁ፤ ከሩቅ እጅ ነሥታኝ አለፈች።

የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍልህ። አንተ የቅኔ ማኅሌቱን ወለል ጨርሰህ ወደ ደብረ ብርሃን የተመለስኸው በታኅሣሥ ነውና የጥር ሃያ አንድን ንግሥ አላየህም። ለአዲሱ ወለል የመጀመሪያው ንግሥ ነበር። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ከጓሳ የታጨደ ሣር ጎዘጎዙበት። ሣሩ አመዳይ እንደያዘ ስለገባ በሰው እግር ሥር ቀለጠ። ረፋዱ ላይ፣ ታቦቱ ከመውጣቱ በፊት፣ ካህናቱ ሲወርቡ መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው ወለሉን መቱ። መቋሚያው አልቆመላቸውም፤ ሸሸ። እግራቸውም ተከተለው። ሣሩ ሲጠረግ ከሥሩ አሥራ ሰባት ሸክላ ተሰንጥቆ ተገኘ። ቦታዎቹን በወረቀት ላይ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ፤ ሁሉም መቋሚያ ያረፈባቸው ናቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። የመሪጌታ ልጅ ወሰኔ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ እንደሆነ ታውቃለህ። አባቱ ማኅሌት ሲቆሙ በአጥሩ ውጭ አልፎ የሚሄድ ሰው ዛሬ ስለ ቤተ ክርስቲያን ወለል ከእኔ ይበልጥ ይናገራል። አልፈርድበትም፤ አባቱ ናቸው። ግንበኛው ሸክላው የግድግዳ መሆኑን እያወቀ ሆን ብሎ መሬት ላይ አነጠፈው ብሎ ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ አመልክቷል። ‹አሻጥር› የምትለውን ቃል ሁለት ጊዜ ጽፏታል። ለመሥሪያ ቤትህ ሊልክ ያዘጋጀውን ደብዳቤም አሳይቶኛል። በመንግሥት ሥራ ላይ ባለ ሰው ስም አጠገብ ይህች ቃል ስትጻፍ ምን እንደምታስከትል ለአንተ አላስረዳም። እንዲያቆየው ለመንሁት። ‹ለእርስዎ ስል እስከ የካቲት መጨረሻ› አለኝ።

ስለዚህ ለሦስት ጥያቄዎች መልስ እፈልጋለሁ። ሸክላው ለወለል እንደማይሆን ከማንጠፍህ በፊት ታውቅ ነበር? ካወቅህ ለማን ተናገርህ? በምን ቃል ተናገርህ? ሸክላውን ማን እንዳመጣው ሁለታችንም ስለምናውቅ ስለ እርሱ መጻፍ አያስፈልግህም።

በጽሑፍ የሚመልስ ሰው የሚያስበው ቀስ ብሎ ነው። ቀስ ብለህ አስብ።

ኃይለ ኢየሱስ


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 11 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ ለጋሽ ኃይለ ኢየሱስ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ብርዱስ ቀነሰልዎት? ስለ እኔ እንዳያስቡ፤ ሥራ ቦታም ሁሉም ደህና ነው።

ደብዳቤዎን የግቢው ዘበኛ ሲሰጠኝ እጄ ስሚንቶ ነበር፤ ታጥቤ ነው የከፈትሁት። መሪጌታ አልሞቱም የሚለውን ካነበብሁ በኋላ ቀጥሎ ያለውን መስመር ቶሎ አላነበብሁትም። እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበታቸውን ስመው ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ወለሉን ያነጠፍሁት በገዛ እጄ ነው። ሸንጎው ፊት እንዲሁ ይበሉልኝ፤ ለወሰኔም እንዲሁ ይበሉት። እኔ የጽሑፍ ሰው አይደለሁም፤ ስለ ሦስቱ ጥያቄዎች የተባለውንና ያልተባለውን አሁን በደንብ አላስታውስም። ሸክላውን ማን እንዳመጣው አልጻፍሁም፣ እንዳዘዙኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ጥሩሸዋን ሰው ክፉ እንዳይናገራት ይጠብቁልኝ። ምላሷ እንደማይመለስ ያውቃሉ፤ ነገር ይዛ እርስዎ ዘንድ ብትመጣም አይስሟት።

ታዛዥዎ አፈወርቅ


ዘመሮ፣ የካቲት 18 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለአፈወርቅ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሦስት ጥያቄ ጠይቄህ አንዱንም አልመለስህም። ጥፋቱ የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁህም። የሆነውን ነው የጠየቅሁህ። ጥፋት የሚታወቀው የሆነው ከታወቀ በኋላ ነው፤ አንተ ግን ከኋላው ጀመርህ። አራት ወር ያልሞላውን ነገር አላስታውስም ማለትህንም አልቀበልህም። በዚያ ወለል ላይ ከአንድ ሺህ አራት መቶ ሸክላ በላይ በየተራው ሲገባ ስንጥቅ ያለባትን አንዲቷን ከመሀል አውጥተህ ‹ይቺ አይደለችም› ያልህ ሰው ነህ።

ጥሩሸዋ መጥታ ነበር። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። አፈወርቅ ምን ብሎ ነግሮሽ ነበር ብዬ ጠየቅኋት። ‹እሱ የነገረኝን እኔ አልነግርዎትም፤ እርስዎ የሚያውቁትንም እኔ አልጠይቅዎትም› ብላኝ ወጣች። አይስሟት ያልኸኝ ደረሰኝ፤ ያልሰማኋት ግን እሷ ስላልተናገረች ነው።

ሸንጎው ከትናንት ወዲያ ተቀምጦ ነበር። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ስለሆንሁ መጀመሪያ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። ሸክላውን ያቀረበው ማን ነው አሉኝ። ሰበካ ጉባኤው ነው አልሁ። ይህ ሐሰት አይደለም፤ በቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል። ወሰኔ ግን ተነሥቶ ‹ሰበካ ጉባኤ ትከሻ የለውም፣ መምህር። ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ ያወረደው የማን ትከሻ ነው?› አለ። ሰዉ ሣቀ። ሰብሳቢው ቀኑ መሽቷል ብሎ ለመጋቢት 5 ቀጠረ። እኔም ወደ ቤቴ ሄድሁ።

የማስበውን በግልጽ ልጻፍልህ። የጡረታ ወረቀቴን ለማስፈጸም አዲስ አበባ የወረድሁ ጊዜ ያንን ነጭ ሸክላ አይቼ ወደድሁት፤ እንደ ወረቀት ንጹሕ ነበር። አንዱ ከአንዱ ጋር ሲገጥም በካሬ ወረቀት ላይ ነድፌ ቆጠርሁት። ስለ ሸክላ የማውቀው ይህን ያህል ብቻ ነው። ደንበኛ አያውቅም፤ ስለማያውቅ ነው ባለሙያ የሚጠራው። ባለሙያ ደግሞ ዕቃውን ደንበኛው ነው ያመጣው ብሎ እጁን መታጠብ አይችልም። አናጢ ነቀዝ የበላው ወራጅ ቢሰጡት ‹እናንተ የሰጣችሁኝ ነው› ብሎ በሰው ራስ ላይ ይሰቅለዋል? እንደማይሆን ካወቅህና ዝም ካልህ ተሳስተሃል። ከተናገርህ ደግሞ መናገርህን ልትነግረኝ ይገባል። ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ሦስተኛ መልስ የለውም።

መሪጌታ ትኩሳት ጀምሯቸዋል። ወጌሻው ቁስል አይደለም፣ ብርድ ነው ይላል። ካህናቱ አሁን በግቢው ጽድ ሥር ቆመው ነው የሚያዜሙት፤ ወለሉን ሰሌን አልብሰነዋል።

እስከ መጋቢት 5 መልስህ እጄ እንዲገባ።

ኃይለ ኢየሱስ


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 27 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ፣

ይቅርታ ያድርጉልኝ። በተራው እመልሳለሁ።

አውቅ ነበር። የመጀመሪያውን ሣጥን ስንከፍት ጀርባውን ገልብጬ አየሁት። ቀጭን ነው። ፊቱ እንደ ሲኒ ይለሰልሳል። የወጥ ቤትና የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነው፤ እግር እንዲቆምበት አልተሠራም። መቋሚያማ ጭራሽ።

የተናገርሁት ለእርስዎ ነው።

በምን ቃል ላሉኝ፣ ኅዳር 7 ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ሆነን ‹ጋሼ፣ ይሄ ለግድግዳ አይሻልም ይሆን?› አልሁ። እርስዎ ‹ግድግዳውማ ሥዕል አለበት› አሉኝ። ልክ ነዎት፣ ሥዕል አለበት። ሰኞ ደግሞ አንዲት ሸክላ መሬት ላይ አስቀምጬ ውሃ አፈሰስሁባትና ጫማዬን አውልቄ እፊትዎ ቆምሁባት። እግሬ ሸተት ብሎ ግንቡን ያዝሁ። እርስዎ ሣቁ። ‹እንዳትሰብራት፣ የተቆጠረች ናት› አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገርሁም። ማግስቱን ውሃ ልኬን አውጥቼ ማንጠፍ ጀመርሁ።

ሁሉንም አስታውሳለሁ፤ አላስታውስም ብዬ የጻፍሁት ለዚህ ነው። ይህን ብጽፍ ደብዳቤዬ እርስዎን ከሳሽ ይሆናል።

ግን ንጹሕ ነኝ አልልም። አምና እዚህ አንዲት ወይዘሮ ለሆቴሏ ወጥ ቤት መሬት እንዲህ ያለውን ሸክላ አምጥታ ነበር። እሜቴ፣ ሰው ይሰበርበታል፣ አላነጥፈውም አልኋት። ‹አንተ ለማኝ፣ ሸክላ ልትመርጥልኝ?› ብላ ሰድባኝ ሌላ ሰው ጠራች። ዕቃዬን ሰብስቤ ሄድሁ፤ አልከበደኝም። ለማላውቃት ሴት በአንድ ቃል የነገርሁትን ለእርስዎ በጥያቄና በውሃ ነገርሁዎት።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ የአንድ ክፍል ወለል ስፋት ሰሌዳ ላይ ሲያሰሉልን ተነሥቼ ‹ጋሼ፣ ተሳስተዋል› አልሁ። እስከ ምሳ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ቆምሁ። ቂም ይዤ አይደለም የምጽፍልዎት፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት፣ ዛሬ ይህን የምጽፈውም በእርስዎ ትምህርት ነው። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ለእርስዎ አይሆንም ብዬ አላውቅም። አፌ አይለምደውም። ይህ ጥፋቴ ነው። የግንበኛ ማንኪያዬን አስቀምጬ መሄድ እችል ነበር። እርስዎን እንዳላስቀይም ብዬ መሪጌታን ሰበርኋቸው።

ሌላም ውሸት ጽፌያለሁ። ሥራ ቦታ ሁሉም ደህና ነው ያልሁት ደህና አይደለም። የወሰኔ ደብዳቤ ከእርስዎ ደብዳቤ በሁለት ቀን ቀድሞ ደርሷል። የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጠርቶኝ አነበበልኝ። ከሥራ ታግጃለሁ፤ ከግቢው መውጣት አልችልም፤ የምተኛውም ከስሚንቶ መጋዘኑ ነው። ከዘመሮ ሌላ ወረቀት ካልመጣ መጋቢት 15 ቀን ጉዳዬን ወደ ላይ እናስተላልፈዋለን ብለውኛል። ወደ ላይ የተላለፈ ሰው ሲመለስ አላየሁም። ለጥሩሸዋ አልጻፍሁላትም። እርስዎም አይንገሯት።

ይህን ደብዳቤ ሸንጎው ፊት ማንበብ አለማንበብ የእርስዎ ፈንታ ነው። ባያነቡትም አልቀየምዎትም።

አፈወርቅ


ዘመሮ፣ መጋቢት 7 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለአፈወርቅ፣

ከዚህ ጋር ያለው ማኅተም ያለበት ወረቀት የሸንጎው ነው። ማንበብህን እዚህ ላይ አቁምና ወረቀቱን ለካድሬው ስጥ፤ መቀበሉንም በጽሑፍ አስፈርመው። ከዚያ ተመለስ።

ለጥሩሸዋ ነግሬያታለሁ። አይንገሯት ማለትህን አላከበርሁም። ባሏ የት እንደሚተኛ የማወቅ መብት አላት፤ ደግሞም ይህን ይዞ ሊመጣ ከእሷ የተሻለ ሰው አላገኘሁም። ስትሰማ አላለቀሰችም። ‹አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ይነሣል?› ብቻ አለችኝ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ መጋቢት 3 ቀን ነው። መጀመሪያ አላመንሁህም። የኅዳርን ማስታወሻዬን አውጥቼ አየሁ። በ7ኛው ቀን ‹አፈወርቅ ሸክላውን አየ፣ ወደደው› ብዬ ጽፌአለሁ። በ9ኛው ቀን ‹አፈወርቅ ተጫወተ› ብዬ ጽፌአለሁ። የገዛ እጄ ጽሕፈት ነው። አንተ ሁለት ጊዜ ነገርኸኝ፤ እኔ ሁለት ጊዜ ሌላ ነገር መዘገብሁ።

በማግስቱ መሪጌታ ዘንድ ሄድሁ። ትኩሳቱ ለቋቸዋል። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። እሳቸውም ‹ያ ወለል በጣም ነጭ ነበር እኮ፤ ስወድቅ ከደመናው የደረስሁ መስሎኝ ነበር፤ ወሰኔ ሲጮኽ ሰምቼ ነው እዚሁ መሆኔን ያወቅሁት› አሉኝ። ከዚያ ሲሥቁ ዳሌያቸውን አመማቸውና ተቆጡ። ስሄድ ጠርተውኝ አንድ ነገር ጨመሩ። ‹ለልጄ በቃል አትንገረው፤ አይሰማህም። አሳየው› አሉኝ።

መጋቢት 5 ሸንጎው ሲቀመጥ ከተረፈው ሣጥን አንዲት ሸክላና አንድ ጣሳ ውሃ ይዤ ገባሁ። ደብዳቤህን በሙሉ አነበብሁት፤ ስለ እኔ ያለውን ሳልዘል። ቀጥሎ ሸክላዋን መሬት ላይ አስቀምጬ ውሃውን አፈሰስሁና ጫማዬን አወለቅሁ። ሰብሳቢው ተው አለኝ። ቆምሁባት። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፤ የሚሆነውን ባውቅም እንዲያ ይፈጥናል ብዬ አላሰብሁም። ክርኔን ይዞ ያቆመኝ ወሰኔ ነው፤ ከሁሉ የቀረበው እሱ ነበር።

እጄን ሳይለቅ ‹እሺ መምህር፣ ሸክላውን ያመጡት እርስዎ ነዎት። እያወቀ ለምን አነጠፈው ታዲያ?› አለኝ።

‹ያስተማርሁት እኔ ነኝ› አልሁት።

መልሱ ገባው አልገባው አላውቅም። እጄን ግን ቀስ ብሎ ነው የለቀቀው። ለመሥሪያ ቤትህ የላከውን ደብዳቤ አንሥቻለሁ ብሎ ፈርሟል፤ ከወረቀቱ ግርጌ ያለው ፊርማ የእሱ ነው። ለምን ቀድሞ እንደላከው ጠየቅሁት። አባቴን በቃሬዛ አውጥቼ በነጋታው ነው የላክሁት፣ እርስዎ ሲለምኑኝ ሄዷል፣ ለማለት አፈርሁ አለኝ። በዚያ ሸንጎ ያፈረ ሰው እሱ ብቻ አይደለም።

ውሳኔው እንዲህ ነው። አሻጥር የለም። ጥፋት ግን አለ፤ የሁለት ሰውም ነው። ሸክላው ይነሣ። ያመጣው ሰው የሚሆን ድንጋይ ያቅርብ፤ ያነጠፈው ሰው መጥቶ በእጁ ያንጥፍ። መሪጌታ እስኪቆሙ ድረስ ማገዶአቸውን ሁለታችን በየተራ እናቀርባለን። ሚዛናዊ ውሳኔ ይመስለኛል። አንተ ካልመሰለህ ጻፍልኝ።

አሁን ሃያ ዓመት የቆየ ነገር ልጻፍልህ። የዚያ ክፍል ርዝመት ዘጠኝ ክንድ፣ ወርዱ ሰባት ክንድ ነበር፤ እኔ ሃምሳ ስድስት ብዬ ጻፍሁ። አንተ ልክ ነበርህ። ይህን ያወቅሁት በዚያው ቀን ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ልጆቹ ሲወጡ እንደገና አሰላሁት። ሰሌዳውን አጠፋሁና ከሰዓት በኋላ ሌላ ትምህርት ጀመርሁ። አንተ ገብተህ ቦታህ ላይ ተቀመጥህ። ተሳስቼ ነበር ለማለት ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር። አርባ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ሁሉም ተነሥቶ የተናገረ ልጅ ምን እንደሚያገኘው አዩ፣ ልክ መሆኑን ግን አላዩም። ይቅርታህን እለምናለሁ።

ወደ ሥራው ልመለስ። ከማዶው ገደል ሥር ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አገኘሁ። ሁለት ጠራቢዎች ጀምረውታል፤ እስካሁን ሠላሳ ያህል አውጥተዋል። አንዱን ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልዬ በጥሩሸዋ ልኬልሃለሁ፤ ከብዷታልና ተቀበላት። ለእኔ ጥሩ ይመስለኛል። ሸክላውም ጥሩ መስሎኝ ነበር፤ ስለዚህ ለእኔ የመሰለኝን አትቁጠረው። ውሃ አፍስስበት፣ በባዶ እግርህ ቁምበት፣ በብረት ምታው። በውርጭ የሚሰነጠቅ እንደሆነም አንተ ታውቃለህ፣ እኔ አላውቅም።

ድንጋዩ የማይሆን ከሆነ ‹ለአጥር አይሻልም ይሆን› ብለህ አትጻፍልኝ። አይሆንም ብለህ ጻፍ። ጠራቢዎቹን አስቁሜአቸዋለሁ፤ ቃልህ ሳይመጣ አንድ ድንጋይ አይነሣም። ትንሣኤ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ካህናቱም በሜዳ ናቸው። ጥሩሸዋ የምትመለሰው ሐሙስ ነው። በእጇ መልስህን ላክልኝ፤ አንዲት ቃልም ብትሆን ትበቃኛለች።

ኃይለ ኢየሱስ